ከባኮ እስከ ሪዮ፦ የማራቶን ሯጭ ዓመት እንዴት ይሰላል?

አንድ ታላቅ የማራቶን ሯጭ በዓመት ስንት ማራቶን ይሮጣል? አብዛኛውን ጊዜ ሁለት። ሦስት ከሮጠ በዛበት ይባላል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ሌላውን ጊዜ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ባንድ ትንፋሽ አያልቅም። እርሳስና ወረቀት ያዙ፤ ሒሳብ አለው፣ ትንሽ ጂኦግራፊ አለው፣ ትንሽም ባዮሎጂ አለው። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ባለችው ባኮ ላይ ተቀምጠን፣ ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ፈይሳ ሌሊሳ የተወለደው በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፣ በጀልዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ጨርሷል። ይህን ወደ ሴኮንድ ለውጡትና ለ42.195 አካፍሉት፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። በዚህ ፍጥነት አንዲት ኪሎ ሜትር ብቻ መሮጥ የሚችል ጎረምሳ በየትምህርት ቤቱ ስንት እንደሆነ የስፖርት መምህራችሁን ጠይቁት። ፈይሳ አርባ ሁለቱን አከታትሎ ነው የሮጠው።

አሁን የ2008 ዓ.ም. የፈይሳን ዓመት እንዘርጋ። የካቲት 20 ቀን ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ አሸነፈ። ነሐሴ 15 ቀን በሪዮ ኦሊምፒክ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳልያ አገኘ። በመካከሉ ያለውን ቀን ቁጠሩ። የየካቲት ቀሪ 10፤ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ አምስት ወር፣ 150፤ የነሐሴ 15። ድምሩ 175 ቀን። ለ7 ብታካፍሉት ልክ 25 ሳምንት ይወጣል፤ ቀሪ የለውም። ቀሪ ያጣው ሁለቱም ውድድሮች እሑድ ስለነበሩ ነው። አሰልጣኝ በወር ሳይሆን በሳምንት የሚያስበውም ለዚሁ ነው፤ ከውድድሩ እሑድ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው ሥራውን የሚያከፋፍለው።

25 ሳምንት ረጅም ይመስላል። እስቲ እንቀንስለት። ማራቶን የጨረሰ ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ያርፋል። ሁለት ሳምንት ደግሞ ሶምሶማ ብቻ ነው። በሌላኛው ጫፍ፣ ውድድሩ ሲቃረብ፣ እግሩ ትኩስ ሆኖ እንዲቀርብ ሥራው ለሦስት ሳምንት ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ሰባት ሳምንት ሄደ፤ አሥራ ስምንት ቀረ። (ይህ በአሰልጣኞች ዘንድ የተለመደው አከፋፈል ነው እንጂ ከፈይሳ የግል ደብተር የተቀዳ አይደለም።) በእነዚህ አሥራ ስምንት ሳምንታት ውስጥ ጽናቱም፣ ዳገቱም፣ ፍጥነቱም መግባት አለበት። ለባኮ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፦ የባኮ ምርምር ማዕከል ያወጣው ቢኤች 660 በቆሎ ከተዘራ እስኪደርስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ በመቶኛው ቀን እሸቱን የጨረሰ ገበሬ ኅዳር ላይ ጎተራው ባዶ ቢሆን ማንን ይወቅሳል? ሯጭም በየመካከሉ የተገኘውን ውድድር ሁሉ ከሮጠ ለዋናው ቀን የሚተርፈው ነገር የለም።

ከሪዮ በኋላ ያለውን እናንተው ቁጠሩት፤ ጳጉሜን እንዳትረሱ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2009 ሆኖሉሉ ላይ ማራቶን ሮጠ፤ 16 ሳምንት ይወጣል። ጥር 7 ቀን ሂውስተን ላይ ግማሽ ማራቶን ሮጠ፤ 5 ሳምንት። ሚያዝያ 15 ቀን የለንደን ማራቶን፤ 14 ሳምንት። ሂውስተንን በ1 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ አሸነፈ። ሆኖሉሉ ላይ አላሸነፈም፤ ለንደን ላይም ከመሪዎቹ ርቆ ነው የጨረሰው። ክፍተቶቹን በተራ ጻፏቸው፦ 25፣ 16፣ 5፣ 14። ከ25ቱ በኋላ የኦሊምፒክ ብር መጣ። ከዚያ በኋላ ግን በጠበበው ጊዜ ውስጥ ድል የተገኘው በግማሹ ርቀት ብቻ ነው።

ይሁንና እዚህ ላይ ሒሳቡን ብቻ ማመን ስህተት ነው። ፈይሳ የሪዮን የፍጻሜ መስመር ሲያልፍ ክንዶቹን አጣምሮ ወደ ላይ አነሣ። በኅዳር 2008 ከጊንጪ ተነሥቶ በኦሮሚያ የተስፋፋው ተቃውሞ ምልክት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ የተመለሰው ጥቅምት 11 ቀን 2011 ነው። ቤተሰቡን ለወራት ተለይቶ፣ ሐሳቡ አገሩ ላይ ቀርቶ የሮጠውን ሰው ውጤት በሳምንት ቁጥር ብቻ መለካት ተገቢ አይመስለኝም። ሰንጠረዡ የሚያሳየው አንዱን ምክንያት ነው፤ ሁሉንም አይደለም።

በስደቱ ዘመን የኖረበት ከተማ ግን ወደ ሁለተኛው ትምህርታችን ይወስደናል። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ያለችው ፍላግስታፍ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። የአምቦም ከፍታ እንደዚያው። ሰውዬው ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በከፍታ ረገድ አምቦ ላይ አረፈ ማለት ነው። በአጋጣሚ አይደለም፤ ፍላግስታፍ የረጅም ርቀት ሯጮች ሆን ብለው የሚሰባሰቡባት ከተማ ናት።

ከፍታው ለምን ተፈለገ? ከባኮ አዲስ አበባ ያለውን 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወረቀት ላይ ሣሉት። አግድሙ መንገዱ ይሁን፣ ሽቅቡ ከፍታው። ባኮ 1,650 ሜትር ላይ ናት፤ ነጥብ አድርጉ። በኢጃጂ በኩል አድርጎ መንገዱ ጌዶ ላይ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወደ ጉደር ሲወርድ 2,000 አካባቢ ይሆናል። አምቦ 2,100፤ ጊንጪ 2,200 ግድም፤ ሆለታ 2,400። ሆለታ ላይ ቆም በሉ፤ በመስከረም 2016 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ትዕግሥት አሰፋ የዚች ከተማ ልጅ ናት። ከዚያ አዲስ አበባ፤ ከበላይዋ ደግሞ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው እንጦጦ። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ብትታጠፉ የፈይሳ ጀልዱ ትገኛለች፤ ደጋዋ፣ ብርዷና ድንቿ የታወቀ ነው።

አሁን በየነጥቡ ላይ የአየሩን ግፊት ጻፉ። በባሕር ዳርቻ፣ ማለትም በሪዮ፣ ያለውን 100 ብንለው ባኮ ላይ 82፣ አምቦ ላይ 78፣ ሆለታ ላይ 75፣ እንጦጦ ላይ 70 ገደማ ይሆናል። አንድ የተለመደ ስህተት እዚህ ላይ እናርም። «ደጋ ላይ ኦክስጅን የለም» ይባላል። ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው አየር ይሳሳል፤ ደሙም የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል።

ሰውነት ይህን ዝም ብሎ አያይም። ኩላሊት እጥረቱን ሲያውቅ ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። እሱ በደም ተጉዞ መቅኔ ዘንድ ይደርስና ቀይ የደም ሕዋሳት በብዛት እንዲመረቱ ያደርጋል። ይህ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይጠናቀቅም። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ስለዚህ ደጋ ላይ የከረመ ሯጭ ወደ ሪዮ ወይም ወደ ቶኪዮ ሲወርድ ያካበተውን ይዞት ይወርዳል። (ዶፒንግ የሚያደርጉ ሰዎች በመርፌ የሚወጉት ኢፒኦ የሚባለው መድኃኒት ይኸው ንጥረ ነገር በፋብሪካ የተሠራው ነው። ደጋ በነፃ የሚሰጠውን በገንዘብና በውርደት መግዛት ነው።)

ግን ከፍታ ዋጋ ያስከፍላል። በ2,700 ሜትር ላይ አንድን ኪሎ ሜትር ከ3 ደቂቃ በታች ደጋግሞ መሮጥ ለጎበዙም ከባድ ነው፤ ሳንባው ሳይፈቅድ እግሩ ፍጥነቱን ሊለማመድ አይችልም። መፍትሔው ሥራውን በየቦታው ማከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን፣ 2,500 ሜትር ላይ ኖረው 1,250 ሜትር ላይ የሠለጠኑ ሯጮች 5,000 ሜትር ላይ ይበልጥ እንደተሻሻሉ አሳይተዋል። የአዲስ አበባ ሯጮችም በልምድ የሚሠሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። ለዝግታው እንጦጦ ጫካ፣ ለጽናቱ ሱሉልታና ሰንዳፋ፣ ለፍጥነቱ ዝቅ ወዳሉት ወደ ሰበታና አቃቂ ይወርዳሉ። እንጦጦ ላይ ያዩ ያውቁታል፤ በባሕር ዛፉ መሐል አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ መሪው በግራ ሲታጠፍ ሁሉም በግራ፣ በቀኝ ሲታጠፍ ሁሉም በቀኝ፣ ዓይናቸውን ከፊታቸው ካለው ሰው ተረከዝ ላይ ሳይነቅሉ ይወጣሉ። እዚያ ሰዓት የሚያይ የለም። አስፋልት ላይ ሲሆን ደግሞ አሰልጣኙ የእጅ ሰዓቱን ይዞ መኪና ላይ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ዳገት ነው። ብዙ ሰው «ዳገቱ የወሰደብህን ቁልቁለቱ ይመልስልሃል» ይላል። ይመልሳል ወይ? ጣሊያናዊው አልቤርቶ ሚኔቲና ባልደረቦቹ የተራራ ሯጮችን በመሮጫ ማሽን ላይ አስሩጠው የሚያወጡትን ኃይል ለክተዋል፤ ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በጠፍጣፋ መሬት የሚወጣውን ኃይል 100 እንበለው። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር በሚነሣ ዳገት ላይ ወጪው 166 ገደማ ይሆናል። በዚያው ልክ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 60 ገደማ ይሆናል። ደምሩ፦ 226። በጠፍጣፋው መሬት ግን ሁለት ጊዜ 100፣ ማለትም 200 ነበር። ስለዚህ ቁልቁለቱ 40 መለሰ፤ ዳገቱ የወሰደው ግን 66 ነው። 26ቱ ቀልጦ ቀረ።

ይህ ሒሳብ የፓሪስን ኦሊምፒክ ማራቶን ትልቅነት ያሳየናል። ነሐሴ 4 ቀን 2016 የተሮጠው መንገድ ወደ ቬርሳይ ደርሶ መልስ ነበር፤ በድምሩ 436 ሜትር ይወጣል፤ አስቸጋሪው ቦታ ላይ ዳገቱ 13.5 በመቶ ይደርሳል። ከጉደር ተነሥቶ ጌዶ መውጣት የሚጠጋው ከፍታ ነው። ታምራት ቶላ በሲሳይ ለማ ምትክ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ገባ፤ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር ወዲህ ባለው ቀጥ ያለ ዳገት አካባቢ ከሌሎቹ ተለየ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። አካፍሉት፤ ከነዳገቱ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ3 ደቂቃ በታች ነው። ፈይሳ ቶኪዮን ካሸነፈበት ሰዓት በ30 ሴኮንድ ይፈጥናል። እርግጥ በስምንት ዓመት ውስጥ የመሮጫ ጫማ በጣም ተለውጧል፤ ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሰዎቹን ማበላለጥ ተገቢ አይደለም። መንገዱን ለመመዘን ግን ይጠቅማል።

እውነተኛው የተራራ ሩጫ ደግሞ ሌላ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ የዩንግፍራው ማራቶን የሚባል አለ፤ ርዝመቱ ያው 42 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከኢንተርላከን ተነሥቶ ከ1,800 ሜትር በላይ ይወጣል። ከባኮ ቢጀመር ወንጪ ተራራ አናት ላይ የሚያደርስ ከፍታ ነው። ኒውዚላንዳዊው ጆናታን ዋያት እ.ኤ.አ. በ2003 የሮጠው 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ ለረጅም ዓመታት ክብረ ወሰን ሆኖ ኖሯል። ከፈይሳ የቺካጎ ሰዓት ጋር ብታስተያዩት በ44 ደቂቃ ይዘገያል፤ ግን ቀላል ሩጫ አልነበረም። ተራራ ላይ ሰዓት ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም፤ ስንት ሜትር እንደተወጣና እንደተወረደ አብሮ ካልተጻፈ ውጤቱ ግማሽ ነው።

የኛ ሰዎች በተራራ ውድድር ላይ ለምን ብዙ አይታዩም? ጎረቤቶቻችን ይታያሉ። ኤርትራዊው ጴጥሮስ ማሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያን ላይ የዓለም የተራራ ሩጫ ሻምፒዮን ሆኗል። ዩጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሬማና፣ ጣሊያን ላይ በተራራ ሩጫ የዓለም ወርቅ ወሰደ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮናውን ማራቶን አሸነፈ፤ የኛው ልዑል ገብረሥላሴ ነሐስ ያገኘበት ውድድር ነው። እኛ እምብዛም የማንታየው እንደኔ እምነት ተራራ ስላጣን ሳይሆን ገንዘቡ አስፋልት ላይ ስላለ ነው። ማናጀሩም፣ ክለቡም፣ የጫማ ድርጅቱም የሚፈልጉት የቶኪዮን፣ የለንደንን፣ የቺካጎን ስም ነው። ሯጩም ቤተሰብ አለው፤ አይፈረድበትም።

የኪፕላንጋት ታሪክ ግን ሁለቱ እንደማይጣሉ ያሳያል። ጥያቄው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት ይደራረባሉ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ጠላቱ ዳገቱ ይመስለዋል። ዳገት ትንፋሽ ያስቆርጣል እንጂ ጡንቻ እምብዛም አይጎዳም። የሚጎዳው ቁልቁለት ነው። ሲወርዱ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደቱን ይይዛል፤ በያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን እንደመያዝ ነው። በዚህ ጊዜ ጡንቻው ውስጥ ጥቃቅን መሰንጠቅ ይደርሳል። ሕመሙ በዚያው ቀን ላይሰማ ይችላል፤ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ከወንጪ አፋፍ ወደ ሐይቁ ወርዶ የተመለሰ ጎብኚ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። በጎ ጎኑ፣ አንድ ጊዜ የተጎዳ ጡንቻ ካገገመ በኋላ ለሚቀጥለው ቁልቁለት ይጠነክራል።

እንግዲህ ወደ 25 ሳምንታችን እንመለስ። የተራራ ውድድር የሚገባው አጋማሹ አካባቢ፣ ማራቶኑ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሽቅብ ብቻ የሚሮጥ ከሆነ ትንሽ ሊዘገይም ይችላል፤ ለልብና ለሳንባ ጥሩ ሥራ ነው፣ እግሩንም ብዙ አያደክምም። ሽቅብና ቁልቁል ያለበት ከሆነ ግን በማራቶኑ ዋዜማ ወር ማስገባት ሞኝነት ነው። ፓሪስን የመሰለ ቁልቁለት ያለበት ማራቶን የሚጠብቀው ሯጭ ደግሞ ቁልቁለትን ቀድሞ፣ በጥቂቱ፣ ደጋግሞ መለማመድ አለበት።

መጨረሻ ላይ ባኮ ራሷ ከዚህ ሁሉ የት ናት? ሙቀት አላት፤ በክረምት እርጥበትም አላት። ሪዮን ለመሰለ ቦታ መዘጋጃ ይሆናል። በከፍታ ከአቃቂም ከሰበታም ዝቅ ትላለች፤ ለፍጥነት ሥራ ምቹ ናት። ከጀልዱ ወይም ከጌዶ ደጋ ላይ ኖሮ ለጥቂት ቀን ባኮ ወርዶ መሮጥ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሌቪን ጥናት ጋር ይገጥማል። በተግባር ሁለት ችግር አለው። ጉዞው ረጅም ነው፤ ጠዋት ወርዶ ማታ መመለስ ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል። ሁለተኛውና ዋናው ወባ ነው። ወባ የሚያፈርሰው ቀይ የደም ሕዋሳትን ነው። ሯጭ ለወራት ደጋ ላይ ተቀምጦ ያካበተውን አንዲት ትንኝ በሳምንት ውስጥ ታፈርስበታለች። ከደጋ የሚመጣው ልጅ ደግሞ በሽታውን ስላልለመደው ይበልጥ ይጠቃል።

ስለዚህ ባኮ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እናንተም የስፖርት መምህራን፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ልጁ አጎበር ሥር ይተኛ፤ ትኩሳት ከተሰማው ደሙ ሳይመረመር ወደ ሜዳ አትላኩት። አንድ ደብተር ግዙለት፤ የሮጠበትን ቀን፣ መንገዱ ሽቅብ ይሁን ቁልቁል፣ ያደረበትንም እንቅልፍ ይጻፍበት። ማራቶንን ደግሞ ገና በልጅነቱ አታስሩጡት፤ የዓለም ሻምፒዮና ደንብም ከ20 ዓመት በታች ያለ ሯጭ ማራቶን እንዲሮጥ አይፈቅድም።